ድጋፏ ሥር የሚያልበው ፓምፕ፦ አንድ ጥያቄና 26 መልሶች

ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ የጻፍኩት በሰኔ፣ አንድ እሑድ ማታ ነው። አዳማ ውስጥ ትንሽ ማቅለጫ ቤት አለን። አባቴ ከሃያ ዓመት በላይ አሉሚኒየም ሲያቀልጥበት ኖሯል። ብረት ድስት፣ የወፍጮ ፑሊ፣ አልፎ አልፎ የአጥር ጌጥ። እኔ ከተረከብኩት ወዲህ ወደ ጊዛ ገባሁ። ጊዛ ያልኩት ያንን የሚከብደውን፣ በመዶሻ ሲመታ እንደ ሸክላ የሚሰበረውን ብረት ነው። በመቂና በዝዋይ በኩል ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ ገበሬዎች የውሃ ፓምፕ አላቸው። ቀንድ አውጣ የመሰለው የፓምፑ ቤት ከውሃው ጋር በሚገባው አሸዋ እየተበላ ይሳሳል፣ በመጨረሻም ይበሳል። ከውጭ የሚመጣው ደግሞ ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ መተመን ከጀመረ ወዲህ የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ እኛ እንሠራለን።

ችግሬን እንዲህ አስረዳሁ። ውስጡ ባዶ የሆነ ዕቃ ለማውጣት ሞልዱ፣ ማለትም ብረቱ የሚፈስበት የአሸዋ ቅርጽ ውስጥ፣ ከአሸዋ የተሠራ ኮር ይቀመጣል። ብረቱ ኮሩን ከብቦ ይረጋል። በኋላ አሸዋው ይራገፍና ባዶው ቦታ ይቀራል። የእኔ ኮር በሁለት ጫፉ ተደግፎ መሃሉ አየር ላይ ነው። በአሉሚኒየም ጊዜ ይሄ አስቸግሮን አያውቅም። በጊዛ ግን ኮሩ ከቦታው ተነሳ። ሁለቱም 8 ሚሊ መሆን የነበረባቸው ግድግዳዎች አንዱ 3፣ ሌላው 13 ሆነው ወጡ። ስለዚህ ከላሜራ ትንንሽ ድጋፍ እየቆረጥኩ፣ እንደ ድልድይ እያጠፍኩ፣ በኮሩና በሞልዱ መሃል ማስገባት ጀመርኩ። ቁመታቸው ልክ 8 ሚሊ። ብረቱ ሲፈስ ድጋፏ አትወጣም። እዚያው ቀርታ የዕቃው አካል ትሆናለች።

ግድግዳው ተስተካከለ። ደስታዬ ግን ከቶርኖ ቤት አላለፈም። ዕቃው ተቆርጦ፣ ተዘግቶ፣ ውሃ በግፊት ሲሞላ ድጋፏ ባለችበት ዙሪያ ያልበዋል። ከ18 ፓምፕ 7ቱ አላባቸው። ጥፋቱ የላሜራው ነው፣ የብረቱ ነው ወይስ የአሸዋው? ይሄን ጽፌ ተኛሁ።

መልስ 1 ሰላምታና ምርቃት ነበር። እንኳን ወደ ጊዛ ዓለም በደህና መጣህ ካለኝ በኋላ ፎቶ ጠየቀ። ጠዋት ፎቶ ለጠፍኩ። አንዱን በመጋዝ ሰንጥቄ ድጋፏ ከውስጥ እንድትታይ አድርጌ ነው። በላሜራውና በጊዛው መሃል ፀጉር የሚያህል ጥቁር መስመር ይታያል። አጠገቡ ደግሞ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ቀዳዳዎች።

መልስ 2 የነገሩን ስም ነገረኝ፦ ቻፕሌት። እኛ ቤት ድጋፍ ብቻ ነበር የምንላት። መላሹ አስተማሪ ሳይሆን አይቀርም፤ በእርጋታ ነው የጻፈው። ቻፕሌት ዓይነቱ ብዙ እንደሆነ አስረዳ። ለወፍራም ግድግዳ እንደ ምስማር እግርና ራስ ያለው፣ ራሱ ሰፊ የሆነ አለ። እግሩ ላይ ጥርስ ይወጣለታል፣ ብረቱ እንዲነክሰው። ለቀጭን ግድግዳና ለቀላል ኮር ደግሞ ከቀጭን ላሜራ ተቆርጦ እንደ ሳጥን የሚታጠፈው አለ። የሞተር ብሎክ የውሃ መተላለፊያ፣ የቧንቧ መጋጠሚያ፣ የቤት ማሞቂያ ራዲያተር የመሳሰሉት በዚህ ነው የሚሠሩት። ላሜራው በቀዳዳ የተሞላ ነው። የቀለጠው ብረት በቀዳዳው አልፎ ከወዲያና ከወዲህ ይጨብጠዋል። የእኔ ላሜራ ድፍን እንደሆነ ከፎቶው አይቶ፣ ቢያንስ ሦስት አራት ቦታ እንድበሳው መከረ። ይሄን በዚያው ሳምንት አደረግሁ። ረድቶኛል፤ ግን ዋናው በሽታ እሱ አልነበረም።

መልስ 3 ላይ ነገሩ መሞቅ ጀመረ። ሰውዬው ከኮሩ በላይ ድጋፍ ማስገባቴን አይቶ ሳቀብኝ። ኮር ከባድ ነው፣ ከባድ ነገር ወደ ታች ይወርዳል፣ ድጋፍ የሚደረገው ከሥር ነው፤ ከላይ ያስገባሃቸው ሁሉ ለመፍሰሻ በር ከመክፈት በቀር ጥቅም የላቸውም ባይ ነው። ሠላሳ ዓመት ብረት ውስጥ እንደኖረም ጨመረበት። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ደነገጥኩ። ሠላሳ ዓመት ቀላል አይደለም።

መልስ 4 የመጣው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ጸሐፊው ሒሳብ አፍቃሪ ነው። ኮሬ ሁለት ሊትር ይይዛል እንበል አለ። የኮር አሸዋ በሊትር 1.6 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ኮሩ 3.2 ኪሎ ነው። የቀለጠ ጊዛ ግን በሊትር 7 ኪሎ ይጠጋል። ስለዚህ ኮሩ ቦታውን የነጠቀው ብረት 14 ኪሎ ነው። አርኪሜዲስ እንዳለው ኮሩ በዚያ ልክ ወደ ላይ ይገፋል። ከ14 ላይ የራሱን ክብደት 3.2 ስንቀንስ 10.8 ኪሎ ኮሩን ወደ ጣሪያ ያነሳዋል። ቀጥሎ ያለው ነው አፌን ያስያዘኝ። የቀለጠ አሉሚኒየም በሊትር 2.4 ኪሎ ብቻ ነው። ያው ኮር አሉሚኒየም ውስጥ የሚነሳው በ1.6 ኪሎ ጉልበት ነው። የአባቴ ኮር ያለ ድጋፍ ለምን ቁጭ ብሎ እንደኖረ፣ የእኔ ለምን እንደተነሳ በሁለት መስመር ተፈታ። ሰባት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው!

መልስ 5 የሠላሳ ዓመቱ ሰው ነው። ተቆጥቷል። በወረቀት ብረት አይቀልጥም፣ ቢሮ ተቀምጦ መደመርና መቀነስ ለማንም አይከብድም አለ። አርኪሜዲስ አዳማ መጥቶ ጊዛ አፍስሶ እንደሆነም ጠየቀ።

መልስ 6 አጭር ነበር። ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ውሃ የሞላ በርሜል ውስጥ አስገብተህ ለመያዝ ሞክር፣ ከዚያ ከሥር ይደገፍ ወይስ ከላይ ንገረን የሚል ነው። ብዙ ሰው ሳቀ። የሠላሳ ዓመቱ ሰው ለረጅም ጊዜ ጠፋ። እኔ ግን ነገሩን ለፍትሕ ስል ልናገር፤ ከሥርም ድጋፍ ያስፈልጋል። ብረቱ ገብቶ ኮሩን እስኪያነሳው ድረስ ባዶ ሞልድ ውስጥ ኮሩ በራሱ ክብደት ሊጎብጥ ይችላል። ሰውዬው ግማሽ እውነት ይዞ ነው ሙሉ ጠብ ውስጥ የገባው።

መልስ 7 ብረትህ ቀዝቅዞ ነው የሚፈሰው አለ። ቀዝቃዛ ብረት ድጋፏን አያቀልጣትም። ዙሪያዋን ብቻ ያቅፋትና ይረጋል፤ ያ ፀጉር የሚያህል መስመር የዚያ ምልክት ነው። የሙቀት መለኪያ የለኝም። በዓይን ነው የምናየው፣ በቀለሙና ላዩ ላይ በሚሠራው ድር። ስለዚህ ሊሆን ይችላል ብዬ ተቀበልኩ።

መልስ 8 ግን ጠንቀቅ በል አለኝ። እዚህ ትንሽ ልቆይበት፣ ምክንያቱም ድጋፏ የምትሠራውን ሥራ የተረዳሁት ያኔ ነው። ድጋፏ ሁለት የሚጋጩ ነገሮች ይጠበቁባታል። ብረቱ ፈሶ ቆዳ እስኪያወጣ ድረስ ኮሩን ይዛ መቆየት አለባት፤ ቶሎ ከቀለጠች ኮሩ ይነሳል። ደግሞ ሳትቀልጥ መቅረትም የለባትም፤ ከዕቃው ጋር ካልተዋሐደች ውሃ መንገድ ያገኛል። ላሜራ ለብቻው የሚቀልጠው 1,500 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጊዛ የሚፈሰው 1,350 አካባቢ፣ ረግቶ የሚያልቀው ደግሞ 1,150 አካባቢ ነው። ታዲያ 1,350 ላይ ያለው 1,500 የሚፈልገውን እንዴት ያቀልጠዋል? መላሹ መለሰው፦ ጊዛ ውስጥ ካርቦን ሞልቷል። የላሜራው ቆዳ ካርቦኑን ይጠጣል። ካርቦን የጠጣ ብረት ደግሞ በዝቅተኛ ሙቀት ይቀልጣል። ስለዚህ ድጋፏ ከውጭ ወደ ውስጥ ቀስ እያለች ትሟሟለች። ሽሮ ሲፈላ ጫፉ እንደሚሟሟ እንጀራ አስቡት። ላሜራው ከሳሳ ያልቃል። ከወፈረ ዙሪያውን ያቀዘቅዝና ሳይዋሐድ ይቀራል። የእኔ 1 ሚሊ ነበር፤ ለ8 ሚሊ ግድግዳ መጥፎ አይደለም አለኝ። ጥፋቱ ከውፍረቱ አይመስለኝም ብሎ ነው የዘጋው፣ እና ልክ ነበር።

መልስ 9 የሰላም ሰው ነው፣ ምክሩ ግን አደገኛ። የጣሪያ ቆርቆሮ ተጠቀም፣ አይዝግም፣ ቁርጥራጩም በነፃ ይገኛል አለ።

መልስ 10 እሳት ለብሶ መጣ። ቆርቆሮ ላይ ያለው ዚንክ እንደሆነ፣ ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ እንደሚፈላ፣ በ1,350 ዲግሪ ብረት ውስጥ ሲገባ ወዲያው ተንኖ ብረቱን በአረፋ እንደሚሞላው፣ ከዚያም ነጭ ጭሱ የሚያፈሰውን ሰው ትኩሳት ላይ እንደሚጥለው ዘረዘረ። ሳያውቁ ሰውን የሚመክሩ ሰዎችም ላይ አንድ ሁለት ቃል ጣለ። ቃሎቹን እዚህ አልደግማቸውም። ይዘቱ ግን ትክክል ነው። ቆርቆሮ የበየደ ሁሉ ያንን ማታ የሚመጣ ብርድ ብርድ ማለት ያውቀዋል።

ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ወተት ዞረ። መልስ 11 ቆርቆሮ ስንበይድ ወተት እንጠጣለን፣ ጭሱን ያወጣዋል አለ። መልስ 12 ደግሞ በጾም ምን ይደረጋል ብሎ ጠየቀ። ቀልዱን ይሁን ከልቡ አልገባኝም። መልስ 13 የጤና ባለሙያ ትመስላለች። ወተት ሳንባ ውስጥ አይገባም፣ ያ ትኩሳት ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን የሚለቀው በራሱ ጊዜ ነው፣ ወተቱ ምስጋናውን በነፃ ነው የሚወስደው የሚል ሐሳብ ነበራት። መድኃኒቱ ነፋስ የሚገባበት ቦታ መሥራትና ጭሱን አለመተንፈስ ነው። የአዳማ ነፋስ ቢያንስ ለዚህ ይጠቅማል። አቧራውን እንርሳለትና።

መልስ 14 የእኔ ነው። ለሁሉም አመሰገንኩ። ላሜራው ጥቁሩ፣ 1 ሚሊ መሆኑን ነገርኳቸው። ከመጠቀሜ በፊት በሸራ ወረቀት ፈትጌ አብለጨልጬ እንደማስገባም ጻፍኩ። በዚያው አንድ ነገር አስተካከልኩ። እስካሁን ሁሉም ወንድሜ፣ አንተ፣ ጌታው እያሉኝ ነበር። በአማርኛ እኔ ብሎ የሚጽፍ ሰው ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም፤ ሠራሁ፣ አፈሰስኩ፣ ቆረጥኩ፣ ለሁሉም አንድ ነው። አቅላጭ ስለሆንኩ ወንድ አደረጉኝ። ሴት ነኝ ብዬ ጻፍኩ።

መልስ 15 ይቅርታ ጠይቆ እህቴ አለኝ። ቀጥሎ ግን ለሴት ከባድ ሥራ ነው፣ ባለሙያ ቅጠሪ አለ። እኔ አልመለስኩለትም። መልስ 13 የጻፈችው ልጅ ባለሙያዋ እኮ እሷ ናት የሚል አስተያየት ሥሩ ጣል አድርጋለት ሄደች።

መልስ 16 ወደ ሥራው መለሰን። ትክክለኛ ቻፕሌት ቆርቆሮ ሳይሆን ቆርቆሮ መሳይ ነው፤ የሚለበጠው በዚንክ ሳይሆን በቲን ነው አለ። ቲን ዝገት ይከላከላል። ብረቱ ሲደርስበት ይቀልጥና ላሜራው ከጊዛው ጋር እንዲያያዝ ያግዛል። እንደ ዚንክ ቶሎ አይተንም። ከዚያ ጥሩ ሐሳብ አመጣ፦ የሳልሳ ጣሳ። ጣሳ ማለት ቀጭን ላሜራ ቲን የተቀባ ነው። አዳማ ውስጥ የሳልሳ ጣሳ የሌለበት ሱቅ የለም።

መልስ 17 አዎ ግን አለ። የዛሬ ጣሳ ውስጡ ምግቡን የሚጠብቅ ቀለም አለው። ቀለሙ በጋለ ብረት ውስጥ ጋዝ ይሆናል። አቃጥለህ አጥራው ብትል ቲን በ232 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ከቀለሙ ጋር አብሮ ይሄዳል። በዚያ ላይ አንዳንዱ ጣሳ ጭራሽ ቲን የለውም፣ ክሮም ነው። ጣሳው ደግሞ ለ8 ሚሊ ግድግዳ በጣም ቀጭን ነው። ለቀጭን ዕቃ እንጂ ለፓምፕ አይሆንም ብሎ ዘጋው።

መልስ 18 ታዲያ ራስሽ ስታኞ፣ ያንን በቀላሉ የሚቀልጠውን መበየጃ፣ አቅልጠሽ ላሜራውን ንከሪው አለኝ። ራዲያተር የሚበይዱ ሰዎች ጋ ሞልቷል። በዚህ ተስማምቼ ሰኞ ልገዛ ነበር። ደግነቱ መልስ 19 ቀደመኝ። ራዲያተር ቤት ያለው ስታኞ ብዙው እርሳስ ነው አለ። ጊዛ ውስጥ እርሳስ የአንድ በመቶ መቶኛ እንኳ ሳይሞላ የግራፋይቱን፣ ማለትም ጊዛ ውስጥ ተለይቶ የሚቀመጠውን ካርቦን፣ ቅርጽ ያበላሻል፣ ብረቱን ያደክማል። ጭሱም ለሰው መርዝ ነው። ከፈለግሽ ስልክ ጠጋኞች የሚጠቀሙበትን፣ እርሳስ የሌለበት ተብሎ የተጻፈበትን ፈልጊ፣ እሱ ቲን ነው ማለት ይቻላል። ውድ ነው ግን ስስ ልባስ ስለሆነ ጥቂት ይበቃል።

መልስ 20 ምን እንዳገናኘው እግዜር ይወቀው፣ ሴባስቶፖል መድፍን አመጣ። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ አስፈስሰዋል፣ እኛ ዛሬ ፓምፕ ከበደን ወይ አለ። የመድፉ ምስል አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ እንደቆመም አስታወሰን። ይሄ ያለ ጥርጥር የሚያኮራ ነው፤ የእኔን ፓምፕ ግን አላደረቀውም።

መልስ 21 የዚህ ሁሉ ወሬ ፍሬ ነው። የጻፉት ወንጂ ውስጥ በፋብሪካ ጥገና ያረጁ ሰው ናቸው። ናዝሬት ብለው ነው የጻፉት፣ አዳማ ሳይሉ። ሥሩ ላይ አንድ ወጣት ሊያርማቸው ሲሞክር፣ ልጄ በዚህ ስም ነው ያደግኩባት፣ አንተ ባልከውም ብትጠራት ያው እኔው ነኝ የምመጣው በሚል መንፈስ አለዝበው አለፉት። ለእኔ ያሉት ግን ሌላ ነው። ስለ ላሜራው አልጠየቁኝም። ስለ ብረቱም አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ ሞልዱን ስንት ሰዓት ዘግቼ ስንት ሰዓት እንደማፈስ ነው። መብራት የሚሄድባችሁ ቀን ምን ታደርጋላችሁ አሉኝ።

እውነት እላችኋለሁ፣ ጥያቄውን ሳነበው ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ተገላበጠ። የእኛ ኩፖላ፣ ጊዛ የምናቀልጥበት ምድጃ፣ የሚነፋው በኤሌክትሪክ ነፊ ነው። መብራት ከሄደ ነፊው ይቆማል። ሞልዶቹ ግን ተዘግተው አልቀዋል። ማፍረስ ደግሞ ያሳዝናል፣ የግማሽ ቀን ልፋት ነው። ስለዚህ ነገ እናፈሳለን ብለን በራቸውን ዘግተን እንሄዳለን።

የአባቴ ልማድ ሆኖብኝ ደብተር እይዛለሁ። የትኛው ዕቃ መቼ እንደተዘጋ፣ መቼ እንደፈሰሰ። አወጣሁትና ቆጠርኩ። ከ18ቱ ውስጥ 8ቱ ተዘግተው አድረዋል። ውሃ ያላባቸው 7 ናቸው። ከ7ቱ 6ቱ ያደሩት ናቸው።

ይሄን ስጽፍላቸው እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ። የሞልዱ አሸዋ እርጥብ ነው፣ ውሃ አለው። የእኔ ኮር በሞላሰስ የተያያዘ ነው፤ ሞላሰስ ደግሞ እርጥበት ይስባል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ብረት ላይ ያርፋል። ከማቀዝቀዣ የወጣ ለስላሳ ጠርሙስ ላይ እንደሚያልበው። እኔ ደግሞ ላሜራውን በሸራ ወረቀት ፈትጌ ቆዳውን ገፍፌለታለሁ። እርቃኑን የቀረ ላሜራ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ሲያድር ጠዋት ቀይ ሆኗል። ያ ዝገት ኦክስጅን ተሸክሟል። ጊዛው ካርቦን ተሸክሟል። ሁለቱ ሲገናኙ ጋዝ ይፈጠራል። ጋዙ ላሜራውንና ብረቱን ያለያያል፣ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉትን ቀዳዳዎች ይተዋል። ውሃው ራሱም እንፋሎት ሆኖ ይጨምርበታል። ብረቱም ላሜራውም ንጹሕ ነበሩ። ያበላሻቸው አብረው ማደራቸው ነው።

የምሠራውን ቀለል አድርገው ነገሩኝ። ድጋፎቹን ከምድጃው አጠገብ እንዲሞቁ አስቀምጪ። መጨረሻ ላይ፣ ልትዘጊ ስትይ አስገቢ። በዘጋሽበት ቀን አፍስሺ። መብራት ከሄደ ግን አይንሽን ጨፍነሽ ክፈቺው፣ ድጋፎቹን አውጥተሽ ጣያቸው፣ በነጋታው ኮሩን አድርቀሽ አዲስ ድጋፍ አስገቢ። ቲኑ ጥሩ ነው፤ እርጥበትን ግን አያሸንፍም። መጀመሪያ ይሄን አድርጊ፣ ከዚያ ስለ ቲን እናወራለን አሉ። ጋሼ ብዬ አመሰገንኳቸው። በፊት ባገኘኋቸው ብዬ ተቆጨሁ።

መልስ 22 ላይ የሠላሳ ዓመቱ ሰው ብቅ አለ። ስለ ጀሪካኑ ምንም ሳይል ሌላ ምክር ይዞ መጣ፦ ያለቡትን ፓምፖች አትጣይ። ድጋፏን በድሪል አውጪና ቀዳዳውን ጥርስ አውጥተሽ በቪቴ፣ ባለ ጥርስ ብሎን፣ ድፈኚው፣ ከላይ ሞርደሽ ቀለም ቀቢው፣ ማንም አያይም። መልስ 23 ማንም አያይም የምትለዋ ቃል ላይ ዘመተበት። ገበሬው በብድር ገንዘብ የሚገዛውን ዕቃ ነው የምትደፍነው፣ መስኖው መሃል ላይ ሲፈነዳ ማን ያያል አለው። ሰውዬው ደግሞ ስንት ከውጭ የመጣ ዕቃ ተደፍኖ እንደሚሸጥ ብታውቅ ብሎ መለሰ። ሁለቱ እስከ እኩለ ሌሊት ተነካከሱ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ተረት እንኳ እዚህ የመልሶች ክር ላይ ቃል በቃል ሆነ፣ ለጠብ ተጠቀሙበት።

እኔ ሁለቱም ጋ አልነበርኩም። ቪቴ መድፈን በራሱ ነውር አይደለም። በትክክል ከተሠራና እንደገና በግፊት ከተፈተነ ይይዛል። ነውሩ ለገዢው አለመንገር ነው። ከ7ቱ 4ቱን እንደዚያ አድርጌ፣ ተደፍኗል ብዬ ነግሬ፣ ዋጋ ቀንሼ ሸጥኩ። 3ቱን ሰብሬ ወደ ኩፖላው መለስኳቸው።

መልስ 24 ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው የሚማር ልጅ ነው። ጨዋ ነው፣ እርስዎ እያለ ነው የጻፈልኝ። ከሁሉ የሚሻለው ድጋፍ የማያስፈልገው ኮር ነው አለ። የፓምፑ ሆድ ላይ ሦስተኛ የኮር መቀመጫ ይጨመር፣ ኮሩ በሦስት እግሩ ይቁም፣ በዚያ የሚቀረው ቀዳዳ በኋላ ጥርስ ወጥቶለት የማጠቢያ መክፈቻ ይሁን። ገበሬው ውስጡ የገባውን ጭቃ በዚያ ያወጣል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ፓተርኑን፣ ሞልዱ የሚወጣበትን የእንጨት አምሳያ፣ መቀየር ይጠይቃል፣ የእንጨት ሠሪ ዋጋ ይጠይቃል። ዘንድሮ አልችልም። ግን ልጁ መጥቶ እንዲያይ ጋብዤዋለሁ። የምርቃት ሥራዬን በዚህ ልሥራ ወይ እያለ ነው።

መልስ 25 የእኔ ነው፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ። ሐምሌ ገብቷል፣ ዝናቡ ከባድ ነው። 9 ፓምፕ አፈሰስን። ድጋፎቹ ተበስተው፣ ሞቀው፣ መጨረሻ ላይ ነው የገቡት። አንድ ቀን ከሰዓት መብራት ሄደ። ልጆቹ ተዉት፣ ነገ እናፍስ አሉ። አምስት ሞልድ ከፈትን። አንጀቴ እያረረ ነው የከፈትኩት። በነጋታው ሳይ፣ ያወጣናቸው ድጋፎች መሬት ላይ እርጥቡ አሸዋ ውስጥ አድረው ቀይ ሆነዋል። አንዱን ፎቶ አንስቼ ለወንጂው ሰው ላክሁላቸው።

ዕቃዎቹ ከቶርኖ ቤት ሲመለሱ ውሃውን ከመሙላታችን በፊት የአባቴን ዘዴ ሠራሁ። ውጭውን ኖራ ቀባሁት፣ ውስጡን ነጭ ጋዝ አፈሰስኩበት፣ አሳደርኩት። ነጭ ጋዝ ውሃ የማያልፍበት ስንጥቅ ያልፋል፤ ካለፈ ኖራው ላይ ጥቁር ጠብታ ይታያል። ስምንቱ ነጭ ሆነው አደሩ። አንዱ ላይ ጠብታ አለ፣ ከድጋፎቹ ሁሉ ግን አንድ ስንዝር ይርቃል። አሸዋ ተንዶ የገባበት ቦታ ነው። ይሄ ሌላ ጥያቄ ነው፣ ሌላ ጊዜ እጠይቃለሁ ብዬ ጻፍኩ።

የሠላሳ ዓመቱ ሰው ሥሩ ላይ አውራ ጣት አኖረ። ቃል አልጻፈም።

መልስ 26 ከመቂ ነው። ክሩን ሙሉ ያነበበው አይመስለኝም። ባለ ሦስት ኢንች ፓምፕ ቤት ስንት ነው፣ ለነሐሴ ይደርሳል ወይ፣ በባጃጅ መናኸሪያ ድረስ ታመጪልኛለሽ ወይ ብሎ ጠየቀ።